ከተማ የሌለው በር፦ የፋይሪሽ ሐውልትና ያሰራው ጄኔራል

ስኮትላንድ ሰሜን ውስጥ፣ ከኢንቨርነስ በመኪና ግማሽ ሰዓት ያህል ሄደህ፣ አልነስና ኢቨንተን የሚባሉ ትናንሽ ከተሞች አሉ። ከነሱ በላይ ፋይሪሽ የሚባል 453 ሜትር ከፍታ ያለው ኮረብታ አለ፣ አናቱ ላይ ደግሞ ትልቅ የድንጋይ በር ቆሟል። በሩ ግራና ቀኝ ማማ አለው ግን አጥር የለውም፣ ከተማ የለውም፣ በአንዱ በኩል ገብተህ በሌላው ስትወጣ የምታገኘው ያው ንፋስና ሳር ነው። ከታች ከመንገዱ ሲታይ የሆነ የጠፋ ቤተመንግስት ፍርስራሽ ይመስላል። ፍርስራሽ ግን አይደለም፣ ሲሰራም እንደዚሁ ሆኖ ነው የተሰራው። የሚወክለው ደግሞ ደቡብ ህንድ ባህር ዳርቻ ላይ ያለችውን የነጋፓታምን ከተማ በር ነው።

አሰሪው ጄኔራል ሰር ሄክተር ማንሮ ይባላል፣ የአካባቢው የመሬት ጌታ ነበር። ስለሐውልቱ ማንም ሰው ሲያወራ የምትሰሙት ታሪክ አጭርና ደስ የሚል ነው፦ ጄኔራሉ ከህንድ ሲመለስ ህዝቡ ስራ አጥቶ ተርቦ አገኘው፣ ዝም ብሎ ገንዘብ ከማደል ስራ ልስጣቸው ብሎ ይሄን በር አሰራቸው፣ አለቀ። ይሄ ታሪክ ውሸት ነው አልልም። ግን ከመሃል ተቆርጦ የወጣ ቁራጭ ነው፣ ገንዘቡ ከየት መጣ፣ ለምን የህንድ በር፣ ህዝቡስ ከዛ በኋላ ምን ሆነ የሚለውን ካልጨመርንበት ሐውልቱ ምን እንደሆነ አይገባንም። ለዛ ነው ረዘም አድርጌ ልጽፈው የፈለግኩት። (ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው፣ የኛ ሲሆን እናገራለሁ።)

ማንሮ የተወለደው በ1726 ነው፣ ቤተሰቡ ኖቫር የሚባለው ርስት ባለቤት ነው። ሃያ ዓመቱ ላይ ማለት ነው፣ በ1746፣ የስኮትላንድ ደጋ ሰዎች የተካፈሉበት ትልቁ አመጽ ከሎደን ሜዳ ላይ ተደምስሶ ያለቀው። የማንሮ ጎሳ በመንግስት ወገን ነበር። ከዛ በኋላ የደጋው ህዝብ ልብሱን ሳይቀር እንዳይለብስ በህግ ተከለከለ፣ ጎሳ የሚባለው ነገር ኃይሉ ተሰበረ፣ ለወጣት ወንድ የቀረው ዋና መውጫ የንጉሱ ጦር ነው፣ የተከለከለውን ቀሚስ እንኳን መልበስ የሚቻለው ጦሩ ውስጥ ሲሆን ነው። እንግሊዝም የትናንት አመጸኞቿን ልጆች ለቅኝ ግዛት ጦርነቶቿ ማሰለፍ የጀመረችው በዚህ መንገድ ነው። ማንሮ ገና በወጣትነቱ ወታደር ሆነ፣ በ1759 የተቋቋመው 89ኛው የደጋ ሬጅመንት ውስጥ ሜጀር ሆኖ ህንድ ሄደ።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ካልተብራራ ቀሪው አይገባም። ያኔ ህንድ ውስጥ የሚዋጋው የእንግሊዝ መንግስት ብቻ አልነበረም፣ ዋናው ተዋጊ የምስራቅ ህንድ ኩባንያ ነው። ይሄ ኩባንያ በ1600 የተቋቋመ የነጋዴዎች ማህበር ነው፣ ለንደን ውስጥ ባለአክሲዮኖች አሉት፣ ትርፍ ያካፍላል፣ ግን የራሱ ጦር፣ የራሱ መድፍ፣ የራሱ ምሽግ አለው። ወታደሮቹ አብዛኞቹ ህንዳውያን ናቸው፣ ሴፖይ ይባላሉ። ከ1757 በኋላ ኩባንያው ሀብታሟን ቤንጋልን የሚገዛውን ናዋብ እስከመሾምና እስከመሻር ደርሶ ነበር። ከሾማቸው አንዱ ሚር ቃሲም ግን አሻፈረኝ አለ፣ ምክንያቱም የኩባንያው ሰራተኞች በግል ንግዳቸው ቀረጥ አንከፍልም ይሉ ነበር፣ የሀገሩ ነጋዴ እየከፈለ እነሱ በነጻ ያሳልፋሉ፣ እሱም ሲሰለቸው በቃ እንግዲያው ለሁሉም ቀረጥ ቀርቷል ብሎ አወጀ። እኩል ሜዳ ሲሆን ኩባንያው ተቆጣ። ጦርነቱ ከዚህ ነው የመጣው፣ ትልቅ የሃይማኖት ወይም የስልጣኔ ጉዳይ አልነበረም፣ የቀረጥ ጉዳይ ነው።

በ1764 ማንሮ የኩባንያውን የቤንጋል ጦር ተረከበ፣ ሲደርስ ጦሩ ተበጥብጦ ነበር። ሴፖዮቹ የክፍያና የጥቅማ ጥቅም ጥያቄ አላቸው፣ አንድ ሻለቃ በግልጽ አመጸ። ማንሮ የአመጹ መሪዎች ናቸው ያላቸውን ከሃያ በላይ ሰዎች አስያዘ፣ የራሳቸው የህንድ መኮንኖች የተቀመጡበት ፍርድ ቤት ሞት ፈረደባቸው፣ ከዛ በመድፍ አፍ ላይ እየታሰሩ እንዲተኮስባቸው አዘዘ። ይሄን እሱ ራሱ በኋላ ለፓርላማ ኮሚቴ ተናግሮታል። መጀመሪያ የተወሰኑት ሲታሰሩ ከተፈረደባቸው መሃል አራት ግሬናዲየሮች (የተመረጡ ወታደሮች ማለት ነው) ወጥተው፣ በጦርነት ሁሌ በክብር ቦታ በቀኝ በኩል የምንሰለፈው እኛ ነን፣ ስለዚህ መጀመሪያ መሞት ያለብን እኛ ነን ብለው ጠየቁ፣ ተፈቀደላቸውም። ሲያዩት የነበሩት የአውሮፓ ወታደሮች አለቀሱ ይባላል። ቀሪዎቹ ሴፖዮች ከዚህ በኋላ አንፈቅድም ሲሉ ደግሞ ማንሮ መድፎቹን ወደ ሰልፉ አዙሮ መሳሪያችሁን አስቀምጡ አላቸው፣ አስቀመጡ፣ ግድያው ቀጠለ።

እኔ ይሄን ታሪክ ሳነብ እነዚያ አራቱ ሰዎች ከአእምሮዬ አይወጡም። ስማቸውን የሚያነሳ የለም፣ የገደላቸው ሰው ግን ኮረብታ ላይ በር አለው።

ከዛ በጥቅምት 23 ቀን 1764 የቡክሳር ጦርነት ሆነ። በአንድ በኩል ማንሮ ከ7,000 ገደማ ሰው ጋር፣ አብዛኛው ሴፖይ፣ በሌላ በኩል የሚር ቃሲም፣ የአዋድ ገዢ የሹጃ ኡድ ዳውላና የሙጋሉ ንጉሰ ነገስት የሻህ አላም ጥምር ጦር፣ 40,000 ገደማ ይባላል። የማንሮ ጦር አሸነፈ። ምክንያቱ ፈረንጅ ጀግና ስለሆነ አይደለም፣ ጥምረቱ ውስጥ መተማመን አልነበረም፣ ሶስቱ ሶስት አቅጣጫ ያያሉ፣ ንጉሰ ነገስቱም ወዲያው ወደ እንግሊዞቹ ወገን ሄዶ ተደራደረ። የማንሮ ጦር ደግሞ በሰልፍ ስልጠናውና በመድፍ አተኳኮሱ የተሻለ ነበር፣ በተሰበረ ጊዜም መልሶ ይሰለፋል።

ስለ ህንድ ቅኝ አገዛዝ ሰው ሁሌ የሚጠቅሰው ኩባንያው የቤንጋልን ናዋብ ያሸነፈበትን የ1757ቱን የፕላሲን ጦርነት ነው፣ ግን ብዙ የታሪክ ሰዎች ዋናው ቡክሳር ነው ይላሉ፣ እኔም በዚህ እስማማለሁ። ፕላሲ ብዙው ነገር በሴራና በጉቦ ያለቀ ነው፣ ቡክሳር ላይ ግን የሰሜን ህንድ ትልልቆቹ ኃይሎች በግንባር ተሸነፉ። ውጤቱ የመጣው በሚቀጥለው ዓመት ነው። በ1765 የአላሃባድ ስምምነት ንጉሰ ነገስቱ ዲዋኒ የሚባለውን ለኩባንያው ሰጠ፣ ዲዋኒ ማለት የቤንጋል፣ የቢሃርና የኦሪሳን ግብር የመሰብሰብ መብት ነው። ለንጉሱ በዓመት 26 መቶ ሺህ ሩፒ ይሰጡታል፣ የቀረውን ኩባንያው ይወስዳል። እስቲ አስቡት፣ አንድ አክሲዮን ማህበር የሚሊዮን ሰዎችን ግብር ሰብሳቢ ሆነ። ከዛ በፊት ኩባንያው የህንድን ጨርቅ ለመግዛት ብር ከአውሮፓ ጭኖ ይመጣ ነበር፣ አሁን ከህንዶቹ በሰበሰበው ግብር የህንዶቹን ጨርቅ ይገዛና ወስዶ ይሸጣል። በነጻ ነው ማለት ይቻላል። አምስት ዓመት ሳይሞላ፣ በ1769 እና 1770፣ ቤንጋል ውስጥ ዝናብ ጠፍቶ ረሃብ ገባ፣ ሚሊዮኖች አለቁ፣ ኩባንያው ግን ግብሩን መሰብሰብ አላቆመም።

ማንሮ ያኔ ሀገሩ ተመልሷል። ከ1768 ጀምሮ የፓርላማ አባል ሆነ፣ እስከ 1802 ድረስ ወንበሩን ይዞ ቆየ። ገንዘብም ይዞ ነው የመጣው። ይሄ የገንዘብ ነገር በዛን ዘመን ድብቅ አልነበረም፣ የምርኮ ድርሻ የሚባል ስርዓት አለ፣ ከተማ ወይም ምሽግ ሲያዝ የተገኘው ንብረት ተገምቶ ይሸጥና ገንዘቡ በማዕረግ ይከፋፈላል፣ አዛዡ ትልቁን ይወስዳል፣ ተራው ወታደር ትንሿን፣ ሴፖይ ደግሞ ከዛም ያነሰውን። ከዛ ላይ የሀገሩ መኳንንት የሚሰጡት ስጦታ አለ። ብዙ ስኮትላንዳዊ መኮንን ህንድ የሄደው ለዚህ ነው፣ ባዶ እጁን ሄዶ ርስት የሚያድስበት ገንዘብ ይዞ ይመለሳል። ስለዚህ ስኮትላንድ ውስጥ ያለ ያማረ የድሮ ቤት፣ ያማረ ጫካ፣ ኮረብታ ላይ ያለ ሐውልት ስታዩ ገንዘቡ ከየት መጣ ብሎ መጠየቅ ሁሌም ተገቢ ነው።

በ1770ዎቹ መጨረሻ ማንሮ እንደገና ህንድ ሄደ፣ አሁን የማድራስ ጦር አዛዥ ሆኖ። በ1778 ፖንዲቼሪን ከፈረንሳዮች ወሰደ፣ ሰር የሚለውን ማዕረግ ያገኘው ከዛ በኋላ ነው። ግን 1780 መጣ። የማይሶር ገዢ ሃይደር አሊና ልጁ ቲፑ ትልቅ ጦር ይዘው ወረዱ። የእንግሊዞቹ ጦር ለሁለት ተከፍሎ ነበር፣ አንዱ ካንቺፑራም ላይ በማንሮ ስር፣ ሌላው በኮሎኔል ዊሊያም ቤይሊ ስር ከሰሜን እየመጣ፣ ቤይሊም ስኮትላንዳዊ ነው፣ የኢንቨርነስ አካባቢ ሰው። ሁለቱ መገናኘት አለባቸው። ማንሮ መንቀሳቀስ ሲገባው አልተንቀሳቀሰም፣ የተወሰነ ኃይል ብቻ ለቤይሊ ላከለትና ዋናውን ጦር ይዞ ቆየ። መስከረም 10 ቀን 1780 ፖሊሉር የሚባል ቦታ ላይ ማይሶሮቹ ቤይሊን ከበቡት፣ የማይሶር ሮኬት የሚባለው መሳሪያ እንግሊዞቹን ያስደነገጠበት ቀን ነው፣ የቤይሊ የጥይት ጋሪዎችም ፈነዱ፣ ጦሩ አለቀ ወይም ተማረከ። ማንሮ ጥቂት ማይሎች ርቀት ላይ ነበር። ዜናው ሲደርሰው ከባድ መድፎቹን ቤተመቅደሱ ጋ ያለ ኩሬ ውስጥ ጥሎ ወደ ማድራስ ሸሸ። ቤይሊ እስር ቤት ውስጥ ሞተ።

እንግሊዞች ህንድ ውስጥ እስከዛ ጊዜ ድረስ ከገጠማቸው ሽንፈት ሁሉ የከፋው ይሄ ነው ይባላል፣ ወቀሳውም በማንሮ ላይ ነው የወደቀው። ቲፑ ደግሞ ድሉ እንዲረሳ አልፈለገም፣ ዋና ከተማው ሰሪንጋፓታም ውስጥ ባለው የበጋ ቤተመንግስቱ ግድግዳ ላይ የፖሊሉርን ጦርነት በትልቁ አሳለው፣ ፈረሱ፣ ዝሆኑ፣ የተከበበው የእንግሊዝ ሰልፍ፣ በወንበር ተሸክመውት ያለው ቤይሊ፣ ሁሉም አለ። ስዕሉ ዛሬም ይታያል።

በዛው ዓመት መጨረሻ አዲስ አዛዥ መጣ፣ ሰር አየር ኩት። ማንሮ በሱ ስር ተዋጋ። ከዛ አንድ ራሱን ችሎ የሚመራው ዘመቻ አገኘ። እንግሊዝና ሆላንድ ጦርነት ገብተው ስለነበር በደቡብ ምስራቅ ጠረፍ ያለችውን የሆላንዶቹን ከተማ ነጋፓታምን እንዲይዝ ተላከ፣ የባህር ኃይሉ አድሚራል ሂዩዝ ከባህር፣ እሱ ከየብስ ሆነው ከበቧት፣ ህዳር 1781 ላይ ከተማዋ እጅ ሰጠች። ሆላንዶቹ ከመቶ ዓመት በላይ ይዘዋት ነበር። ዛሬ ናጋፓቲናም ትባላለች፣ ታሚል ናዱ ግዛት ውስጥ ናት፣ በ2004ቱ ሱናሚ ህንድ ውስጥ ከሁሉም በላይ የተጎዳችው እሷ ስለሆነች ስሟን የሰማችሁ ትኖራላችሁ።

እንግዲህ ማንሮ በህይወቱ ትልቁ ድሉ ቡክሳር ነው። ለምን ታዲያ የነጋፓታምን በር አሰራ? የኔ ግምት፣ ግምት ብዬ ነው የምናገረው፣ ነጋፓታም የመጨረሻው ስራው ስለሆነና ከፖሊሉር በኋላ ስለመጣ ነው። ሀገሩ የሚገባው ወንድሞቹን ጥሎ ሸሸ የሚባል ሰው ሆኖ ነው፣ ከቤይሊ ጋር የሄዱት ብዙዎቹ የዛው አካባቢ ልጆች ናቸው፣ ቤተሰባቸው ያውቀዋል። በኮረብታ ላይ የተቀመጠ የተያዘ ከተማ በር ከየትኛውም መንደር ይታያል። ሁለቱ ሰዎች፣ ቲፑና ማንሮ፣ የአንድ ጦርነት ሁለት ማስታወሻ ነው የተዉት፣ አንዱ ያሸነፈበትን ቀን ቤቱ ግድግዳ ላይ፣ ሌላው የተሸነፈበት ቀን እንዳይታሰብ የሚጋርድ በር ሰፈሩ ላይ።

በሩ የተሰራው በ1782 አካባቢ ነው። ያ ዓመት ለስኮትላንድ ደጋ ክፉ ዓመት ነበር፣ በጋው ቀዝቃዛና ዝናባማ ሆኖ እህሉ ሳይደርስ ውርጭ መታው፣ እስከ 1783 የዘለቀ ረሃብ ሆነ። ስለዚህ ማንሮ ሰው ሲቸገር አይቶ ስራ ሰጠ የሚለው ከዘመኑ ጋር ይገጥማል። እኛ ሀገር ምግብ ለስራ የሚባለውን የምታውቁ ነገሩ ቶሎ ይገባችኋል፣ እርዳታ በነጻ ከመስጠት ሰው እርከን ሰርቶ፣ መንገድ ቆፍሮ ይውሰድ የሚለው ሀሳብ ነው። ልዩነቱ እርከን አፈር ያድናል፣ መንገድ ገበያ ያደርሳል፣ የፋይሪሽ በር ግን ለሰሩት ሰዎች ከደሞዙ ውጪ አንድም ጥቅም የለውም፣ ማሳ አያጠጣም፣ ቤት አይሆንም።

የአካባቢው ሰው የሚያወራው አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ድንጋዩ ወደ ላይ ተሸክመው ካወጡት በኋላ ማንሮ ራሱ ከላይ እያንከባለለ ወደ ታች ይለቀው ነበር፣ ሰራተኞቹ እንደገና ወርደው እንዲያወጡትና ተጨማሪ ቀን እንዲከፈላቸው። የሚወራው ለደግነቱ ማሳያ ተደርጎ ነው። አፈ ታሪክ ነው፣ ሆኖ ይሁን አይሁን ዋናው እሱ አይደለም፣ ዋናው ለሁለት መቶ ዓመት ሰዎች ይሄን እንደ ደግነት አድርገው ሲያወሩት መኖራቸው ነው። እኔ ግን ከሰራተኛው ጎን ሆኜ ሳስበው ይከብደኛል። የተራበ ሰው 453 ሜትር ኮረብታ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ወጥቶ፣ ድካሙን ጌታው በእግሩ ገፍቶ ሲለቅበት አይቶ፣ እንደገና ወርዶ እሱኑ ድንጋይ ሲያነሳ። መስጠት የፈለገ ሰው ያንኑ ደሞዝ ለድልድይ ወይም ለውሃ መውረጃ ቦይ ሊከፍል ይችል ነበር።

አሁን ህዝቡ ከዛ በኋላ ምን ሆነ ወደሚለው እንምጣ፣ የበጎች ታሪክ ነው፣ ከአጭሩ ታሪክ ውስጥ ሁሌ የሚቀረው ክፍል ይሄ ነው። የስኮትላንድ ደጋ ገበሬ አብዛኛው ጭሰኛ ነበር፣ መሬቱ የጌታው ነው፣ እሱ ትንሽ አጃና ገብስ ይዘራል፣ ጥቁር ከብቶቹን የጋራ ግጦሽ ላይ ያሰማራል፣ ኪራይ ይከፍላል። ከ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በኋላ የመሬት ጌቶቹ ሂሳብ ሰሩ፣ ሃምሳ ጭሰኛ ከሚከፍለው ኪራይ ይልቅ ከደቡብ የሚመጣ አንድ ሀብታም በግ አርቢ የሚከፍለው ይበልጣል፣ ምክንያቱም የእንግሊዝ ፋብሪካዎች ሱፍ ይፈልጋሉ፣ የከተማ ሰው ስጋ ይፈልጋል። ግን በግ አርቢው ግጦሹን ሙሉ ለሙሉ ይፈልገዋል። ስለዚህ ሰው ይነሳ። ይሄ መቶ ዓመት ያህል የቀጠለ የማፈናቀል ዘመን ነው፣ የስኮትላንድን ደጋ ባዶ ያደረገው፣ ሰውን ወደ ባህር ዳር፣ ወደ ግላስጎው፣ ወደ ካናዳ የበተነው።

ፋይሪሽ ባለበት በሮስ አውራጃ ነገሩ የፈነዳው በ1792 ነው። ጌይሊክ የሚባለውን የደጋውን ቋንቋ የሚናገረው የሀገሬው ሰው ያን ዓመት የበጎች ዓመት ብሎ ነው የሚጠራው። መነሻው ደግሞ ኪልደርሞሪ የሚባል ግጦሽ ነው፣ ባለቤቱ ሰር ሄክተር ማንሮ። ከሎካበር ለመጡ ካሜሮን ለሚባሉ ወንድማማች በግ አርቢዎች አከራየው። አጠገቡ ስትራትሩስዴል ሸለቆ ውስጥ ያሉት ጭሰኞች ከብቶቻቸውን ከድሮ ጀምሮ የሚያሰማሩት እዛ ነው፣ አሁን ከብቱ ድንበር ተሻገረ እየተባለ ካሜሮኖቹ ይይዙባቸውና ካልከፈላችሁ አንለቅም ይሏቸዋል። አንድ ቀን ሰዎቹ ተሰብስበው ሄደው ከብታቸውን በጉልበት አስለቀቁ። ከዛ በሐምሌ መጨረሻ አንድ ሰርግ ላይ ተማከሩ፣ ለምን ከብታችንን ብቻ፣ ለምን በጎቹን በሙሉ ከአውራጃው አናስወጣም አሉ። በየቤተክርስቲያኑ ደጅ እሁድ ቀን ጥሪ ተነገረ። በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ወጥተው ከሮስና ከሰዘርላንድ በሺዎች የሚቆጠሩ በጎችን እየነዱ ወደ ደቡብ መጡ። አንድ ሰው አልገደሉም፣ ቤት አላቃጠሉም፣ በጉንም አርደው አልበሉትም፣ ነዱት ብቻ። ይሄ ስርዓት ያለው ነገር በጣም ይገርመኛል፣ የተራበና የተናደደ ህዝብ ያን ያህል በግ ይዞ ሲሄድ።

የመሬት ጌቶቹ ግን ጊዜው የፈረንሳይ አብዮት ጊዜ ስለነበር በጣም ፈሩ፣ ጦር ይምጣ አሉ። የመጣው ከ42ኛው የደጋ ሬጅመንት ነው፣ ብላክ ዋች የሚባለው ታዋቂው ጦር፣ የሬጅመንቱ ኮሎኔል ደግሞ ከ1787 ጀምሮ ሰር ሄክተር ማንሮ ነው። ይሄን ልብ በሉ፣ ግጦሹን ያከራየው እሱ፣ ስለዛ ግጦሽ የተነሱትን ሰዎች የሚበትነው ጦር ኮሎኔልም እሱ። ወታደሮቹ በሌሊት ሲደርሱ ሰዎቹ በጎቹን ቦዝ የምትባል ቦታ ትተው ተበትነዋል፣ ከአልነስ ብዙም አትርቅም። የተያዙት ኢንቨርነስ ላይ በመስከረም ተከሰሱ፣ ሁለቱ ለሰባት ዓመት ባህር ማዶ በግዞት እንዲሄዱ ተፈረደባቸው። ከእስር ቤቱ ግን አመለጡ፣ ማን በሩን እንደከፈተላቸው አልታወቀም፣ ፈልጎ ለመያዝ የደከመም ያለ አይመስልም፣ የከተማው ሰው ልብ የት እንደነበር ከዚህ ይታወቃል። በጎቹ ግን ተመለሱ፣ ቀሩም።

በዛው ዓመት በታህሳስ ማንሮ ህንድ ውስጥ ልጅ ሞተበት። ቤንጋል ውስጥ ሳውጎር የምትባል ደሴት ላይ ለአደን የወጣ ወጣት ልጁን ነብር ገደለው። ታሪኩ ያኔ በጋዜጣ ሁሉ ተሰራጨ። ቲፑ ሱልጣን ጋ አንድ ታዋቂ የእንጨት ነብር አለ፣ መሬት ላይ የወደቀ አውሮፓዊን ሲነክስ የሚያሳይ፣ ውስጡ ኦርጋን ተገጥሞለት እጀታው ሲዞር ነብሩ ያገሳል ሰውየው ይቃትታል፣ ብዙ ሰው ይሄ ከማንሮ ልጅ ሞት ጋር የተያያዘ ነው ብሎ ያምናል። የታሪክ ሰዎች ሁሉ አይስማሙበትም፣ ነብር ለማንኛውም የቲፑ አርማ ነው። በ1799 እንግሊዞች ሰሪንጋፓታምን ሰብረው ገብተው ቲፑን ገደሉት፣ ጥቃቱን የመራው ዴቪድ ቤይርድ ፖሊሉር ላይ ተማርኮ እዛው ከተማ ዓመታት የታሰረ ስኮትላንዳዊ መኮንን ነው (እሱም ክሪፍ አጠገብ ኮረብታ ላይ ባለቤቱ ያሰራችለት ሐውልት አለው)። ከተማዋ ተዘረፈች፣ የእንጨቱ ነብር ለንደን ሄደ። ዛሬ ያለው ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ነው።

ለኛ ነገሩ ቅርብ የሚሆነው እዚህ ጋ ነው። ያው ሙዚየም ውስጥ ከመቅደላ የተወሰደ የወርቅ ዘውድና የወርቅ ጽዋ አለ። ሰሪንጋፓታም ላይ ከነበሩት ሬጅመንቶች አንዱ 33ኛው ነው፣ ከ69 ዓመት በኋላ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 በኛ አቆጣጠር፣ መቅደላ ላይ ኮከት በርን ሰብሮ የገባውም ይኸው 33ኛው ሬጅመንት ነው። ናፒየር ዝሆንና በቅሎ ጭኖ ዙላ የወረደው ከቦምቤይ ነው፣ አብረውት ከመጡት ወታደሮች ብዙዎቹ ህንዳውያን ናቸው። እንግሊዝ በሺህ የሚቆጠር የህንድ ጦር አንስታ አጼ ቴዎድሮስ ደጅ ድረስ ማምጣት የቻለችው ህንድ በእጇ ስለነበረች ነው፣ ህንድ በእጇ የገባችበት መንገድ ደግሞ ቡክሳርን አልፎ ነው የሚሄደው። ማንሮ ስለ መቅደላ የሚያውቀው ነገር የለም፣ በ1805 ሞቷል። እኔ ግን ስለ እሱ ማንበብ ስጀምር ሩቅ የስኮትላንድ ጉዳይ መስሎኝ ነበር፣ ምርኮው እንዴት እንደሚከፋፈል፣ ዕቃው እንዴት ሙዚየም እንደሚገባ፣ መንገዱ አንድ ነው። የመቅደላም ዕቃ ደላንታ ሜዳ ላይ በጨረታ ተሸጦ ገንዘቡ ለወታደሩ ተከፋፍሏል።

ስኮትላንዳውያን ራሳቸው ስለዚህ ምን ይላሉ ለሚል፣ ከፋይሪሽ ወደ ሰሜን ሲኬድ ጎልስፒ ላይ ሌላ ኮረብታ አለ፣ የሰዘርላንዱ መስፍን በጣም ትልቅ ሐውልት የቆመበት፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ጭሰኞች የተፈናቀሉት በሱና በባለቤቱ ርስት ላይ ነው። ያን ሐውልት ይፍረስ ያሉ ሰዎች አሉ፣ በድብቅ መሰረቱን ነቅለው ሊጥሉት የሞከሩም አሉ። ፋይሪሽ ላይ ግን እንደዛ ያለ ቁጣ የለም፣ ሰው ልጆቹን ይዞ ሽርሽር ይወጣል፣ የአልነስ ሰው የሰፈሩ ምልክት አድርጎ ይወደዋል። ለምን ይሆን ብዬ ሳስብ አንዱ ምክንያት በሩ የሰው ምስል ስላልሆነ ነው፣ የሚጠሉት ፊት የለም። ሌላው ያ የስራ ሰጠ ታሪክ ነው፣ ጋሻ ሆኖታል። ደግሞም ድንጋዩን ያወጡት ቅድመ አያቶቻቸው ስለሆኑ በሩን የማንሮ ሳይሆን የራሳቸው አድርገው ያዩታል፣ ይሄኛው ምክንያት ለኔ አሳማኝ ነው፣ ይፍረስም አልልም። ግን እዛ የሚወጣ ሰው ቡክሳርንም፣ ፖሊሉርንም፣ የበጎቹንም ዓመት ሰምቶ ቢወጣ ይሻላል ባይ ነኝ፣ ሶስቱም የዛው ሰውዬ ናቸው።

ግላስጎው ወይም ኤድንብራ ያላችሁ ሄዳችሁ ማየት ከፈለጋችሁ ባቡር እስከ አልነስ ድረስ ይሄዳል፣ ከከተማው ወደ ኮረብታው ግን መኪና ቢኖር ይመረጣል። ከመኪና ማቆሚያው ጁቢሊ የሚባለው የእግር መንገድ በጥድ ጫካ መሃል ይወጣል፣ ደርሶ መልስ ሁለት ሰዓት ወይም ትንሽ በላይ ነው፣ መጀመሪያው ቀጥ ያለ ዳገት ስለሆነ አትቸኩሉ፣ ጫማ የሚይዝ አድርጉ፣ ጃኬትም ያዙ ምክንያቱም በክረምት ቀርቶ በበጋም አናቱ ላይ ንፋስ አለ። ቀኑ ጥርት ካለ ከታች የክሮማርቲ ባህር ወሽመጥ ለጥገና ከቆሙት የነዳጅ ማውጫ መድረኮች ጋር፣ በሌላ በኩል ቤን ዊቪስ ተራራ ይታያል። ለንደን ያላችሁ ደግሞ የቲፑን ነብርና የመቅደላውን ዘውድ በአንድ ቀን ማየት ትችላላችሁ፣ መግቢያው ነጻ ነው፣ ከመሄዳችሁ በፊት ግን ለዕይታ መቅረባቸውን አረጋግጡ።